ስማቸው ስንት ጊዜ ተጠራ?

የአንድ ሰው ዝና ብዙ ጊዜ የሚለካው ስሙን በሚያነሣው አፍ ብዛት ነው። የሊቃውንትም ዓለም ከዚህ እጅግ አልራቀም። አንድ ምሁር መጽሐፍ ባወጣ ጊዜ ሌሎች ጸሐፊዎች «እገሌ እንዲህ ብሏል» እያሉ በየጽሑፋቸው ይጠቅሱታል። ይህ መጠቀስ ዛሬ እንደ እህል ይሰፈራል፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲ መምህራን የሚቀጠሩትና በማዕረግ የሚያድጉትም ስፍሩ እየታየ ነው። ስፍሩ ምን ያህል እንደሚታመን ለማየት የአንዲት የነርሶች መምህርን ሥራ እንመልከት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዶክተር ፓትሪሺያ ቤነር በአሜሪካ አገር፥ በሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዘመን ያስተማሩ ምሁር ናቸው። ዝናን ያተረፈላቸው በ1984 ዓ.ም. የታተመው «ከጀማሪነት እስከ ሊቅነት» የተባለው መጽሐፋቸው ነው። መጽሐፉ የተጻፈው በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ብቻ አይደለም። ነርሶች በየሆስፒታሉ ስለ ሥራቸው ተጠይቀዋል፤ ከእነዚህም 21 ጥንድ ነርሶች፥ አንዷ ጀማሪ ሁለተኛይቱ የቆየች፥ አብረው ስላዩት በሽተኛ ለየብቻ ተናግረዋል። ዶክተር ቤነርም ሂዩበርትና ስቱዋርት ድራይፈስ የተባሉ ወንድማማቾች፥ የበርክሊ ፕሮፌሰሮች፥ የቼዝ ተጫዋቾችንና የአውሮፕላን ነጂዎችን መርምረው ያወጡትን የችሎታ ደረጃ ለነርሶች ሥራ አዋሉት።

ደረጃዎቹ አምስት ናቸው፤ ጀማሪ፥ ጥቂት የለመደ፥ ብቁ፥ የበሰለና ሊቅ። ጀማሪይቱ የተማረችውን ደንብ ትከተላለች፤ ትኩሳት ትለካለች፥ የደም ግፊት ትመዘግባለች፤ ነገር ግን ከብዙው ምልክት የሚያሠጋው የትኛው እንደ ሆነ መለየት ያቅታታል። ሁለትና ሦስት ዓመት በአንድ ዓይነት ሥራ የቆየችው ብቁ ሆና ሥራዋን በዕቅድ ትመራለች። ሊቂቱ ግን በሽተኛውን አይታ፥ መሣሪያው ገና ምንም ሳያመለክት፥ ነገር እንደ ተበላሸ የሚገባት ጊዜ አለ። ይህን ዕውቀት መጽሐፍ ብቻውን አይሰጥም፤ በአልጋው አጠገብ ይገኛል። የመጽሐፉ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

መጽሐፉ ከታተመ ወዲህ በብዙ ሺህ ጽሑፎች ተጠቅሷል። ይህን መቁጠር እንዴት ተጀመረ? ዩጂን ጋርፊልድ የተባሉ አሜሪካዊ በ1955 ዓ.ም. ሐሳቡን «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አቀረቡ፤ በ1964 ዓ.ም. ደግሞ ታላቁን የሳይንስ ጥቅሶች ማውጫ አወጡ። አርአያ ያደረጉት ከ1873 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ ጠበቆች የሚሠሩበትን የፍርድ ማውጫ ነው። በዚያ ማውጫ ጠበቃው አንድ ፍርድ በኋላ መጽናቱን ወይም መሻሩን ያገኛል። ተራው ቁጥር ግን ይህን ልዩነት ጣለው፤ ምስጋናም ሆነ ነቀፌታ እኩል አንድ ተብሎ ይቈጠራል። በ1990ዎቹ ዓመታት አንዳንድ የብሪታንያ ሊቃውንት፥ ሊቂቱ ነርስ ሳታሰላ ታውቃለች የሚለውን ሐሳብ «በምን ይረጋገጣል?» ብለው አጥብቀው ነቀፉት። ነቀፌታቸውም የመጽሐፉን ቁጥር ጨመረው እንጂ አልቀነሰውም።

በ2005 ዓ.ም. ሆርሄ ሂርሽ የተባሉ የፊዚክስ ሊቅ ኤች ኢንዴክስ የተባለውን መለኪያ አመጡ። አንድ ምሁር እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች ካሉት መለኪያው 10 ይሆናል። ዘዴው ቀላል ነው፤ ጉድለቱ ግን ግልጽ ነው። በዕድሜው አንድ መጽሐፍ ብቻ የጻፈ ሰው፥ ያ መጽሐፍ 10,000 ጊዜ እንኳ ቢጠቀስ፥ መለኪያው 1 ነው። እንግዲህ ለዶክተር ቤነርም ያ ታላቅ መጽሐፍ በዚህ ሚዛን የሚያስገኝላቸው ከአንድ አይበልጥም።

ከሁሉ የሚከፋው ጉድለት ግን ሌላ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው ለሕሙማን ለሚተጉ ነርሶች ነው፤ ከእነርሱም የሚበዙት ለመጽሔት ጽሑፍ አይጽፉም። ሌሊት ተረኛ የሆነችው ነርስ ከመጽሐፉ በተማረችው ነገር የአንድ ሰው ነፍስ ብታድን፥ በማውጫው ላይ አንድ እንኳ አይጨመርም።

ዶክተር ቤነር ከሦስት ባልደረቦቻቸው ጋር በ2010 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ የትምህርት ክፍሉና የሕሙማን ክፍሉ ሊለያዩ እንደማይገባ አሳስበዋል። ይህ እንዲሆን መምህሩ ከተማሪዎቹ ጋር በሽተኞች ዘንድ መዋል አለበት። ዕድገቱ በጥቅስ ብዛት ብቻ የሚታይ ከሆነ ግን በሽተኛውን ትቶ ከጠረጴዛው ይጣበቃል፤ ጉዳቱም የሚደርሰው በተማሪውና በሕሙማኑ ላይ ነው። በ2013 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫም የምሁር ሥራ በታተመበት መጽሔት ቁጥር እንዳይመዘን፥ ራሱ ሥራው እንዲታይ ጠይቋል።

እኛ መምህራን በቁጥር መፍረድ ልማዳችን ስለ ሆነ ቁጥር ይጥፋ አንልም። ቁጥሩ መጽሐፉ በሊቃውንት ዘንድ መድረሱን ይነግረናል። ሆኖም አንድ ምሁር ይህን ያህል ጊዜ ተጠቀሰ ሲባል አንባቢ ሦስት ነገር ይጠይቅ። የጠቀሱት አመስግነው ነው ወይስ ነቅፈው? ቁጥሩ የተሰበሰበው ከአንድ ታላቅ ሥራ ነው ወይስ ከብዙ ትንንሽ? ከጸሐፊዎቹስ ሌላ ማን ተጠቀመበት? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ የሚገኘው ከማውጫው ሳይሆን ከሕሙማን ክፍል ነው።