ወልቂጤና በአጠገቧ ያለው ደን

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወርደው መንገድ ሰበታን፣ ቱሉ ቦሎንና ወሊሶን ካለፈ በኋላ 158 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ወልቂጤ ይደርሳል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,900 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ደጋም ቆላም ያልሆነች፣ አየሯ ለሰውነት የሚስማማ ናት። መንገደኛው ግን ይህን ሁሉ ሳያስተውል ያልፋታል። ከመኪናው ይወርዳል፣ ክትፎውን በቆጮ ይበላል፣ ቡናውን ይጠጣል፤ ከዚያም ወደ ጅማ የሚሄደው ወደ ጅማ፣ ወደ ሆሳዕና የሚሄደው ወደ ሆሳዕና ጉዞውን ይቀጥላል። በዚህም ምክንያት ወልቂጤ የምሳ ከተማ እንጂ የማደሪያ ከተማ ሳትሆን ብዙ ዘመን ኖራለች።

በሌላው ዓለም ትንሽ ከተማ በጎረቤቷ ባለው ደን ምክንያት ስትከበርና ስትጠቀም ይታያል። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ሰሜናዊ ጠረፍ የሚበቅለው ሬድውድ የተባለው ዛፍ በዓለም ካለው ዛፍ ሁሉ በቁመት የሚበልጥ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. የተገኘው አንዱ ዛፍ ከ115 ሜትር በላይ ሆኖ ተለክቷል። ይህን ለማየት ከሩቅ የሚመጣው እንግዳ እንደ አርኬታ ባሉት ትንንሽ ከተሞች እያደረ፣ ጧት ወደ ደኑ እየሄደ፣ ማታ ወደ ማደሪያው ይመለሳል። የዚያ አገር ሰዎችም ቢሆኑ ወደዚህ አሳብ የደረሱት ዘግይተው ነው። ብሔራዊ ፓርኩ በ1961 ዓ.ም. በሕግ ሲከለል ከጥንቱ ደን አብዛኛው በመጋዝ አልቆ ነበር።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ሰው ሩቅ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን የዕፀዋት ሊቃውንት ሬድውድን የሚመድቡት ከጥድ ጋር በአንድ ቤተሰብ ነው። አበባ ሳያብቡ ዘር ከሚሰጡት ታላላቅ ዛፎች ውስጥ ከጥንት ጀምሮ በኢትዮጵያ ምድር የበቀሉት ሁለት ብቻ ሲሆኑ እነርሱም ጥድና ዝግባ ናቸው። ዝግባ እስከ 45 ሜትር ይቆማል። መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ ሲመለስ ተርጓሚዎቹ የሊባኖሱን አርዝ ዝግባ ማለታቸው፣ ምንም እንኳ ዛፉ በዘሩ ሌላ ቢሆን፣ ዝግባ በአገሩ ሰው ዐይን ምን ያህል የከበረ እንደ ነበረ ያስረዳል። አርዘ ሊባኖስ ራሱ ከጥንት ብዛቱ ተመናምኖ በጥቂት ሥፍራ የቀረ ሲሆን፣ በብሻሪ ከተማ በላይ ያለው ዝነኛው ደን ፍየል እንዳይገባበት በ19ኛው መቶ ዓመት የድንጋይ አጥር ታጥሮለታል። የቤተ ክርስቲያንን ቅጥር ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

ከወልቂጤ ተነሥቶ ደን ለማየት ለሚሻ ሰው ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ ይወርዳል፣ ሁለተኛው ይወጣል።

የሚወርደው የጅማው መንገድ ነው። እንግዳው ከከተማው ወጥቶ ብዙ ሳይርቅ አየሩ ይለወጥበታል፤ የደጋው ነፋስ ቀርቶ የጊቤ ሸለቆ ወበቅ ይቀበለዋል። ወንዙ ዘንድ ሲደርስ ከወልቂጤ 800 ሜትር ያህል ዝቅ ብሏል። ከጊቤ ወዲህ ያለው ዱር ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ጊቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ የተከለለ ነው። በዚህ ጥድና ዝግባ የሚፈልግ አይገኝለትም፤ የቆላው ዛፍ አባሎ፣ ወይባና ግራር ነው፣ በወንዙ ዳር ደግሞ ሾላ። በውኃው ውስጥ ጉማሬና አዞ አሉ፤ ጉሬዛ በወንዝ ዳር ዛፎች ላይ ሲዘል ይታያል። ጊቤ ወደ ደቡብ ሲወርድ ኦሞ ይባላል። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲጻፍ፣ በሶዶ ያሉት የጢያ ትክል ድንጋዮችና የካሊፎርኒያው የሬድውድ ደንም በዚያው ጉባኤ አብረው ተጽፈዋል።

ይህ የቆላ ዱር እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ሳይታረስ የኖረው ስለ ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ የሚያስገርም ነው። ዱሩን የጠበቀው ዘበኛ ዝንብ ነው። የቆላ ዝንብ የሚያመጣው ገንዲ የተባለው በሽታ በሬውን ይገድላል፤ በሬ የሌለው ገበሬ ደግሞ ሰፊ መሬት አያርስም። ወባውም በበኩሉ ሰውን ወደ ደጋ ይመልሰው ነበር። ከ1970ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በአፍሪካ የሆነ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ድርጅት ሊቃውንት በጊቤ ሸለቆ ከብቱንና ዝንቡን ለዓመታት አጠኑ፤ ኋላም ዝንቡን የሚያጠፋ መድኃኒት በከብቱ ጀርባ ላይ እየፈሰሰ በሽታው እንዲቀንስ ተደረገ። በሬው ሲድን ማረሻው ሰፋ፤ ማረሻው ሲሰፋ ዱሩ ወደ ኋላ አለ። ለገበሬው በረከት የሆነው ነገር ለዱሩ ጉዳት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። በሬው ይሙት፣ ዝንቡ ይመለስ የሚል ሰው አይገኝም፤ ሊገኝም አይገባም። ነገር ግን ዘበኛው ከተሻረ በኋላ በእርሱ ፈንታ ሌላ ዘበኛ መሾም ነበረበት፤ የፓርኩም መከለል የተፈለገው ለዚሁ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከወልቂጤ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወደ ጉብሬና ወደ እምድብር ይወጣል። ጉብሬ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ሥፍራ ነው። ከዚያ ወዲያ የጉራጌ አገር በሙሉ መልኩ ይገለጣል። ከየቤቱ ጓሮ እንሰቱ ቆሟል፤ በየቤቱ ፊት ደግሞ ጀፎሮ አለ። ጀፎሮ ማለት በመንደሩ መካከል የሚያልፍ፣ ሣር የለበሰ፣ ግራና ቀኙ በቤት የተሰለፈ ሰፊ አደባባይ ነው። መንገድ ቢሉት መንገድ ነው፤ ግን መንገድ ብቻ አይደለም። ጥጃ ይሰማራበታል፣ ልጅ ይጫወትበታል፣ ልቅሶና ሠርግ ይቆምበታል፣ መስቀል ይከበርበታል። ማንም ቆርሶ ወደ ግቢው ማስገባት አይችልም፤ አጥሩን አንድ ክንድ የገፋ ሰው ከሽማግሎች ፊት ቀርቦ በአገሩ ሥርዓት ይዳኛል። በዚህ ጀፎሮ ላይ እዚህም እዚያም አሮጌ ዛፍ ቆሞ ይታያል፤ ሽማግሎቹም የሚቀመጡት ከጥላው ሥር ነው።

ደኑን የሚያደንቅ መንገደኛ በዚህ ላይ ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባል። በትልልቅ ከተሞች ስፋቱ የተለካ፣ ካርታው የታተመ፣ ዘበኛ የተቀጠረለት አደባባይ ሲቆራረስና ሲጠብብ እየታየ፣ በጉራጌ መንደር ያለ ካርታ ይህን ያህል ዘመን ሳይነካ የኖረው በሕዝቡ ስምምነት ብቻ ነው። በዱሮ ዘመን ደግሞ ሌላ ጠባቂ ነበረ። በመብረቅ የሚቀጣ ነው ይባል የነበረው ቦዠ የሚባለው የቀድሞ አምልኮ በጉራጌ አገር በሚፈራበት ጊዜ፣ ለእርሱ የተለየውን ነገር ደፍሮ የሚነካ አልነበረም። ክርስትናና እስልምና ሲሰፉ ይህ ፍርሃት ለቀቀ። ዛሬ በብዙ ሥፍራ አሮጌ ጥድ ፈልጎ ለሚሄድ ሰው የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት መከተል ይቀለዋል፤ ሙሁር ኢየሱስን የመሰለው የቆየ ገዳም ያለውም በዚሁ አገር ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ የሚታየው የዘቢደር ተራራ ግን ከቡታጅራ በኩል ቢወጡት ይቀርባል፤ የወልቂጤ እንግዳ በዐይኑ ቢያየው ይበቃዋል።

አንድ ነገር ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። መንገደኛው ከመኪናው መስኮት ሆኖ ደን አየሁ ሲል ብዙውን ጊዜ ያየው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ አገር የመጣ ሲሆን በጉራጌ ደጋ እንደ እህል ይተከላል፣ እንደ እህል ይታጨዳል። በጥቂት ዓመት ውስጥ አጠና ሆኖ ይሸጣል፤ የልጅ ልብስና ደብተር፣ የቤት ቆርቆሮ ይገዛል። ዝግባ ግን የተከለው ሰው ምሰሶ ሆኖ ሳያየው ይሞታል። ስለዚህ ገበሬው ባሕር ዛፍ ተከለ ተብሎ ሊወቀስ አይገባውም፤ ሒሳቡን አሳምሮ ያውቃል። ባሕር ዛፍ ባይኖር ኖሮ የቀረውም ጥድ ቀደም ብሎ በምጣድ ሥር ባለቀ ነበር የሚሉ አሉ፤ አባባላቸውም ከእውነት የራቀ አይደለም።

ሕጉ አልጎደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ በስም ጠርቶ ከለከለ፤ ኋላም በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. ሌሎች የደን አዋጆች በፈንታው ወጥተዋል። የከሰሉ ጆንያ ግን ዛሬም በአውራ ጎዳናው ዳር ተደርድሮ ይሸጣል። ከሳዩን በየጫካው ከማባረር ይልቅ ጆንያው የሚገዛበትን መንገድ መጠበቅ ይቀል ነበር፤ መንገዱ አንድ ነው፣ የሚሄድበትም የታወቀ ነው። ከዚህም ጋር ከሳዩ በቀን ስንት እንደሚያገኝ ማወቅ ያሻል። በዚያው ዛፍ ሥር እንግዳ እየመራ የሚውል ወጣት ያንኑ ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ካገኘ፣ የቆመው ዛፍ ከተቆረጠው ዛፍ የሚወደድበት ቀን ይመጣል። ካላገኘ ግን አዋጁን ደጋግሞ ማንበብ ብቻ ዛፉን አያድነውም።

የወልቂጤ ነገር በዚህ ላይ ይመጣል። ከተማይቱ የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተቋቋመ ወዲህም ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆናለች። የመንግሥት ሠራተኛ፣ ነጋዴና ተማሪ ይመላለስባታል፤ አልጋና ምግብ አይጠፋባትም። የሚጎድላት ሌላ ነው። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጊቤ ማን እንደሚመራው፣ በየትኛው መንደር በማን ፈቃድ ወደ ጀፎሮው እንደሚገባ፣ ምን ያህል እንደሚከፍል የሚነግረው የታወቀ ሥፍራ ሊኖር ይገባል። ከሁሉ ይልቅ ውኃ ነው። በ2015 ዓ.ም. የውኃ እጦት የከተማውን ሕዝብ ባዶ ጀሪካን ይዞ አደባባይ አስወጥቶ፣ ነገሩም የሰው ሕይወት እስኪጠፋ ድረስ ደርሶ ነበር። ነዋሪው ራሱ ውኃ ያጣባት ከተማ ለእንግዳ ማረፊያ ልሁን ብትል የሚሰማት አይኖርም። ውኃውም ቢሆን ከዛፉ ጋር የተያያዘ ነው፤ ዛፍ የሌለው ተረተር ዝናሙን በአንድ ቀን ወደ ወንዝ ይለቀዋልና።

እንግዳ መብዛቱም የራሱ ጉዳት አለው። ከሬድውድ ሁሉ የረዘመው ያ ዛፍ ወሬው ከተሰማ በኋላ የሚያየው ሰው በዝቶ ሥሩ ያለው ልምላሜ ተረግጦ ስላለቀ፣ በ2014 ዓ.ም. ወደ እርሱ መቅረብ ፈጽሞ ተከለከለ፤ ትእዛዙን የሚተላለፍ እስከ 5,000 ዶላር መቀጫና እስከ ስድስት ወር እስራት ሊያገኘው ይችላል። ጀፎሮም ሣር ነው። አውቶቡስ ሙሉ ሰው በአንድ ቀን ቢወርድበት፣ መኪናም ቢገባበት፣ ሽማግሎች በብዙ ዘመን የጠበቁት በአንድ ክረምት ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ እንግዳው መኪናውን ከመንደሩ ውጭ አቁሞ በእግሩ ይግባ፤ ሽማግሎቹንም አስቀድሞ ሰላም ይበል። አገሩ ያንን ያውቃል፤ ያንኑም ይወዳል።

ስለ ጊዜው የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፣ ከመስቀል በፊት ባለው ሳምንት ባይሄድ ይሻለዋል። በዚያን ጊዜ የጉራጌ ልጅ ካለበት ከተማ ሁሉ ወደ አገሩ ስለሚገባ መንገዱም መኪናውም አልጋውም ይሞላል። በዓሉ አልፎ ሰዉ ወደየሥራው ሲመለስ ግን ዝናሙ አቁሟል፣ ጀፎሮው ገና ለምለም ነው፣ የጊቤም ሣር እሳት አልገባበትም። ያን ጊዜ ወልቂጤ የደረሰ መንገደኛ ምሳውን በልቶ ከማለፍ ይልቅ ሁለት ሌሊት ቢያድር፣ አንዱን ቀን ለቆላው፣ አንዱን ለደጋው ሊያውለው ይችላል።