የማይታየውን መድኃኒት የሚለካው ካሜራ

ሳይሎሲቢን በአንዳንድ የእንጉዳይ ዝርያዎች ውስጥ ይገኛል። የወሰደው ሰው የሌለ ነገር ያያል፣ ሰዓቱ ይምታታበታል፣ አንዳንዴም ራሱን ከአካባቢው መለየት ያቅተዋል። ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት አልበርት ሆፍማን ንጥረ ነገሩን ለይቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። አንጎል ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ በሕያው ሰው ላይ እስኪለካ ግን አሥርት ዓመታት አለፉ።

ሰውነት ሳይሎሲቢንን ወደ ሳይሎሲን ይቀይረዋል። ሳይሎሲን በቅርጹ ሴሮቶኒን የተባለውን የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካል ስለሚመስል በሴሮቶኒን መቀበያዎች ላይ ይጣበቃል፤ ዋናው 2ኤ የሚባለው ነው። በ1998 የዙሪኩ የፍራንዝ ፎለንቫይደር ቡድን ኬታንሴሪን በተባለ መድኃኒት ይህን መቀበያ አስቀድሞ ሲዘጋው፣ ሳይሎሲቢን የሚያመጣው ቅዠት ቀረ።

ይህ ግን ስንት መቀበያ እንደተያዘ አይናገርም፤ ፔት ስካን የተባለው ጨረር የሚይዝ ካሜራ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በኮፐንሃገኑ ሪግስሆስፒታሌት የጊተ ሙስ ክኑድሰን ቡድን ሲምቢ-36 የተባለ ውህድ ይጠቀማል። ውህዱ ራሱ ከሳይኬዴሊኮች፣ ማለትም እንደ ሳይሎሲቢን ቅዠት ከሚያመጡ ንጥረ ነገሮች ወገን ነው፤ የሚሰጠው ግን እጅግ በትንሹ ስለሆነ አያሰክርም። ካርቦን-11 የተባለ ጨረር አመንጪ ይያያዝበታል። ይህ ካርቦን በየ20 ደቂቃው በግማሽ ስለሚቀንስ፣ የሚያመርተው ሳይክሎትሮንና ካሜራው ተቀራርበው መሥራት አለባቸው። ውህዱ በደም ሥር ገብቶ አንጎል ይደርሳል። ካርቦኑ ሲፈርስ ፖዚትሮን ይለቃል፤ ፖዚትሮኑ ኤሌክትሮን ሲያገኝ ሁለቱም ይጠፉና ሁለት የጋማ ጨረሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይወጣሉ። ጭንቅላቱን የከበቡት ዳሳሾች ሁለቱን በአንድ ቅጽበት ሲይዙ ጨረሩ የተነሳበት መስመር ይታወቃል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ካሜራው ሳይሎሲንን ጭራሽ አለማየቱ ነው። ሳይሎሲን ጨረር የለውም። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ ያለ ሳይሎሲቢን፣ ከዚያ ሳይሎሲቢን ሰጥተው ይለካሉ፤ ሳይሎሲን ቀድሞ የያዘው ቦታ ላይ ሲምቢ-36 ማረፊያ ስለሚያጣ ምልክቱ ይቀንሳል። የሞላ ታክሲ ትቷቸው የሄደውን ሰዎች ቆጥሮ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ እንደማወቅ ነው።

ቡድኑ በ2019 ባሳተመው ጥናት 8 ጤነኛ ፈቃደኞች ከ3 እስከ 30 ሚሊግራም ሳይሎሲቢን ወሰዱ። ሳይሎሲን እስከ 72 በመቶ የሚሆነውን መቀበያ ያዘ። ፈቃደኞቹ ካሜራው ውስጥ ተኝተው የስሜቱን ኃይል በቁጥር ይናገሩ ነበር፤ የተያዘው መቀበያና ደም ውስጥ ያለው ሳይሎሲን ሲጨምር የሚሉት ቁጥርም ይጨምራል። የግል ስሜትና የኬሚስትሪ ልኬት እንዲህ አብረው ሲሄዱ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። 8 ሰው ጥቂት መሆኑ ግን አይዘንጋ።

መቀበያውን መያዝ ብቻውንም ሁሉን አያስረዳም። ለፓርኪንሰን ሕመም ይሰጥ የነበረው ሊሱራይድም 2ኤ ላይ ይጣበቃል፣ በተለመደው መጠኑ ግን እንደነ ኤልኤስዲ ቅዠት አያመጣም። ስለዚህ ከተያዘ በኋላ በሴሉ ውስጥ የሚነሳው ምልክት መጠናት አለበት፤ ይህን ደግሞ ባዶ ቦታ የሚቆጥረው ፔት አያሳይም።