ስለ ቴንሰር አደራደር የሚነገሩ አራት ተረቶች

በፓይቶርች ወይም በቴንሰርፍሎው የተሠራ ሞዴል እንደ አፓቺ ቲቪኤም ላለ ኮምፓይለር የሚሰጠው በተመደበለት ፕሮሰሰር ላይ እንዲፈጥን ነው። ፍጥነቱን ግን ስሌቱ ብቻውን አይወስነውም፤ የቴንሰሩ ቁጥሮች በሜሞሪ ውስጥ የተደረደሩበት ተራም ይወስነዋል። ባለሙያዎች አደራደሩን ሌይአውት ይሉታል። ለእያንዳንዱ ኦፕሬተር የሚስማማውን አደራደር ኮምፓይለሩ ከአጎራባች ኦፕሬተሮች ተነሥቶ የሚያውቅበት ሥራ ደግሞ ሌይአውት ኢንፈረንስ ይባላል።

ተረት 1፦ ቁጥሮቹ ያው ናቸው፤ ተራቸው ለውጥ የለውም።

እውነታ፦ በትክክል እስከተያዘ ድረስ ተራው መልሱን አይለውጥም፤ ጊዜውን ግን ይለውጣል። 64 ቻነልና 56 በ56 ፒክሰል ያለው ቴንሰር እንውሰድ። የፓይቶርች የተለመደ አደራደር ኤንሲኤችደብሊው ነው፦ ባች፣ ቻነል፣ ቁመት፣ ስፋት። በዚህ አደራደር የአንዱ ቻነል 3,136 ቁጥሮች ሳያልቁ ቀጣዩ ቻነል አይጀምርም። ቁጥሮቹ ባለ 32 ቢት ከሆኑ፣ የአንድ ፒክሰል ሁለት ተከታታይ ቻነሎች በ12,544 ባይት ይራራቃሉ። ቻነልን መጨረሻ ላይ በሚያደርገው የቴንሰርፍሎው ኤንኤችደብሊውሲ ግን 64ቱም በ256 ባይት ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ተረት 2፦ ከሁሉ የሚበልጥ አንድ አደራደር አለ።

እውነታ፦ የሚበልጠውን የሚወስነው ሃርድዌሩ ነው። ቴንሰር ኮር ያላቸው የኤንቪዲያ ጂፒዩዎች በባለ 16 ቢት ኮንቮሉሽን ላይ ኤንኤችደብሊውሲን ይመርጣሉ። ኤቪኤክስ 512 ያለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ደግሞ 16 ባለ 32 ቢት ቁጥሮችን በአንድ ትእዛዝ ስለሚያሰላ፣ ቻነሎቹም በየ16 ተቧድነው ቢመጡለት ይመቸዋል። እዚህም ቢሆን የቀለም ፎቶ ሦስት ቻነል ብቻ ስላለው ለ16 አይካፈልም፤ የመጀመሪያው ኮንቮሉሽን ለብቻው መታየት አለበት።

ተረት 3፦ ኮንቮሉሽኑ ከተለወጠ ሌላው ራሱን ያስተካክላል።

እውነታ፦ እያንዳንዱ ኦፕሬተር የራሱ የሌይአውት ኢንፈረንስ ደንብ ያስፈልገዋል። የቲቪኤም ሰነድ ኦፕሬተሮችን በሦስት ይከፍላቸዋል። እንደ ሬሉ ያሉት እያንዳንዱን ቁጥር ለብቻው ስለሚነኩ አደራደር አይገዳቸውም፤ የመጣውን ተቀብለው ያሳልፋሉ። እንደ ኮንካቲኔት ያሉት በአክሲስ ቁጥር ስለሚሠሩ፣ ቻነል ከሁለተኛ ቦታ ወደ አራተኛ ሲዛወር አክሲስ 1 የነበረው 3 መሆን አለበት። ኮንቮሉሽንን የመሰሉት ደግሞ በአደራደር ላይ እጅግ ጥገኛ ናቸው።

ደንብ ያልተጻፈለት ኦፕሬተር ሲገኝ ኮምፓይለሩ ከፊቱ ወደ ቀድሞው አደራደር የሚመልስ፣ ከኋላውም እንደገና የሚለውጥ ሥራ ያስገባል። ከላይ ያየነው ቴንሰር 800 ኪሎባይት ያህል ስለሆነ፣ በየለውጡ ያ ሁሉ ይገለበጣል። የሞዴሉ ክብደቶች ቋሚ በመሆናቸው ኮምፓይል ሲደረግ አንዴ ተለውጠው ያልቃሉ። በንብርብሮች መካከል የሚያልፈው ዳታ ግን ሞዴሉ በሠራ ቁጥር ዋጋ ያስከፍላል፤ በደንብ የታሰበበት ኢንፈረንስ የሚቀንሰው ይህንን ነው።

ተረት 4፦ የቴንሰሩ ቅርጽ ከገጠመ ውጤቱ ትክክል ነው።

እውነታ፦ አደገኛው ስሕተት ቅርጹ የገጠመው ነው። ቪጂጂ 16 በተባለው ሞዴል መጨረሻ ላይ 512 ቻነልና 7 በ7 ፒክሰል ያለው ቴንሰር ፍላትን በተባለው ኦፕሬተር ተዘርግቶ 25,088 ቁጥሮች ያሉት አንድ ረድፍ ይሆናል። በየትኛውም አደራደር ቢዘረጋ ቁጥሩ ያው 25,088 ነው። ቀጣዩ ንብርብር ግን ክብደቶቹን የተማረው በአንድ የተወሰነ ተራ ነው። ተራው ከተዛባ ኮምፓይለሩ ምንም ሳያጉረመርም ሞዴሉ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ለፍላትን በችኮላ «የመጣውን አሳልፍ» የሚል ደንብ የመጻፍ ዕዳው ቆይቶ ነው የሚታየው። ወይ የቀድሞው አደራደር ከፍላትን በፊት ይመለስ፣ ወይ ክብደቶቹ በአዲሱ ተራ ይደርደሩ።

ስለዚህ አዲስ ደንብ የሚጨምር ሰው ከተጠራጠረ የቀድሞውን አደራደር ቢያቆይ ይሻላል፤ ትርፍ ግልበጣ ሞዴሉን ቢያዘገየውም አያሳስተውም። ደንቡን ሲፈትን ቻነል፣ ቁመትና ስፋት የተለያየ መጠን ይኑራቸው፤ እኩል ከሆኑ የተቀያየረ አክሲስ ይደበቃል። ቁጥሮቹም በዘፈቀደ የተመረጡ ይሁኑ፤ ሁሉም 1 በሆነበት ቴንሰር ላይ የተዛባ ተራ ፈጽሞ አይታወቅም።