ታፔላ የሚያነብ መንገደኛ

የግድግዳ ሥዕል የሚወድ ብቸኛ ተጓዥ አዲስ አበባ ሲገባ ወዴት እንደሚላክ የታወቀ ነው። አፍሪካ አዳራሽ ገብቶ አፈወርቅ ተክሌ በ150 ካሬ ሜትር መስታወት ላይ የሠሩትን የአህጉሪቱን ታሪክ ያያል፤ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. ወደተመረቀው የትግላችን ሐውልት ሄዶ ግራና ቀኙን ይዞራል። ሁለቱም መታየት ይገባቸዋል። እኔ ግን ጅማን አልፎ ቦንጋ፣ ከቦንጋም ወደ ምዕራብ ቢታ ገነት ድረስ እንዲዘልቅ እመክረዋለሁ። የሀገራችን ሰፊው የሥዕል አዳራሽ መግቢያ የማይከፈልበት፣ የጸጉር ቤቱ፣ የሥጋ ቤቱ፣ የጁስ ቤቱና የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ነውና።

ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ጭቃው በደንብ ይለሰናል፣ ይደርቃል፣ ነጭ ይቀባል፤ ሠዓሊው በጠመኔ ነድፎ በዘይት ቀለም ይሞላዋል። ከመሬት ከፍ ብሎ እስከ ጉልበት ያለው ክፍል ለብቻው ጠቆር ባለ ቀለም የሚቀባው ለጌጥ ብቻ አይደለም። ቦንጋና ቢታ ገነት ያሉበት ካፋ የዝናብ አገር ነው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የመዘገበውን የቡና ደን የሚያጠጣው ያው ዝናብ ከጣሪያ ወርዶ ጭቃ ይረጫል። ልምድ ያለው ሠዓሊ የሰው ፊት ከዚያ መስመር በታች አይሥልም።

ወደምወደው ነገር ልግባ፤ ወደ ጽሑፉ። ሰው ሁሉ ሥዕሉን ያደንቃል፣ ፊደሉን ያልፈዋል። የታፔላ ሠሪ ችሎታ የሚለካው ግን በፊደሉ ነው፤ ከፊደልም በ«ቤ»። በየከተማው «ቤት» የሚል ቃል የሌለበት ሱቅ ፈልጉ እስቲ፤ ሻይ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ጸጉር ቤት፣ ምግብ ቤት። ቢ እግሯ ላይ ሰረዝ አላት፤ ቤ ደግሞ ቀለበት። ብሩሹ ትንሽ ቀለም ከበዛበት ቀለበቱ ይደፈንና ሁለቱ ፊደላት ይቀላቀላሉ። ባለቤቱ ደግሞ ጽሑፉ ከሩቅ ጎልቶ እንዲታይ ጥላ ይጨመርበት ይላል። ጥላ ማለት ከያንዳንዱ ፊደል ጎን በሌላ ቀለም የሚሰመር ጠርዝ ነው፤ ሁልጊዜ በአንድ በኩል መውደቅ አለበት፣ ፀሐይዋ አንድ ናትና። ያ ጥላ በቤ ቀለበት ውስጥ ሲያልፍ የቀረውን ክፍተት ይበላዋል። ቦንጋ ውስጥ መሰላል ላይ ያገኘሁት አንድ ወጣት ሌላውን ፊደል ሁሉ ጨርሶ፣ እጁ ከሞቀ በኋላ ቤን በመጨረሻ እንደሚጽፋት ነገረኝ። ጎበዝ ነው አልኩ በሆዴ።

ችግሩ በዚያም አያበቃም። ሸ፣ ኘና ዠ አናታቸው ላይ ሰረዝ ይጭናሉ። ሠዓሊው ከላይና ከታች ሁለት መስመር አስምሮ ሁሉንም እኩል ካስገባ «ሻይ» ውስጥ ያለችው ሻ ትጨፈለቃለች፤ ከመስመሩ ካስወጣት ደግሞ ከጎረቤቶቿ በላይ ትንጠራራለች። መልሱ በመካከል ነው፤ ሰረዙ በጥቂቱ ከመስመሩ ይወጣል፣ እግሯም በጥቂቱ ያጥራል። በፊደላት መካከል ያለው ርቀትም በማስመሪያ አይለካም። «ሥጋ» ሲጻፍ ሥ ሰፊ ናት፣ ጋ ግን ከክንዷ በታች ባዶ ቦታ ትተዋለች፤ ስለዚህ ቀጣዩ ፊደል ቀረብ ይበል። ይህን ኮምፒውተር ያስተማረው የለም፤ ዓይን ነው የሚያውቀው።

ካፋ ውስጥ ሥራው እጥፍ ነው። የአካባቢው ቋንቋ ካፊ ኖኖ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ስለዚህ በአንድ የትምህርት ቤት አጥር ላይ የእኛ ፊደል፣ የካፊ ኖኖ ጽሑፍና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችላሉ። ላቲኑ ትልቅና ትንሽ ፊደል አለው፤ የእኛ የለውም። ሁለቱን አንዱ ሌላውን ሳያሳንስ በአንድ ግድግዳ ላይ ማስቀመጥ ሽምግልና ይጠይቃል።

«እነዚህ ሥዕሎች ማንበብ ለማይችል የተሠሩ ናቸው» የሚሉ የተማሩ ሰዎች አሉ። እንዲያ ከሆነ ከሥሩ መጻፉ ለምን አስፈለገ? ሥዕሉ ቃሉ የማይነግረውን ይነግራል። የጸጉር ቤቱ ግድግዳ ምን ዓይነት ቁርጥ እንዳለ ያሳያል። የጁስ ቤቱ ብርጭቆ ስፕሪሱ በየትኛው ፍሬ እንደሚጀምርና በየትኛው እንደሚያልቅ በቀለም ደርቦ ያቀርባል። ሜክሲኮ ውስጥ ዲዬጎ ሪቬራ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የመንግሥት ሕንፃ ግድግዳ ሲሥል ዓለም ጥበብ ብሎ ተቀበለው። የእኛው ሰው የአቮካዶ ጁስ ሲሥል ግን ማስታወቂያ ተብሎ ይታለፋል።

ይህን ለማየት ለብቻ መሄድ ይሻላል። ሥጋ ቤት ፊት ለፊት ቆማችሁ የአንድ በሬ ቀንድ ስትመረምሩ የሚታገሥ ጓደኛ አይገኝም። በማለዳ ውጡ፤ ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ በሮችም ገና ስላልተከፈቱ በበሩ ላይ የተሣለው ይታያል። ባለቤቱ ካለ መጀመሪያ ሰላም በሉ፣ ቀጥሎ አስፈቅዱ። ስልኩን እንደ ጠመንጃ ደግኖ አንስቶ የሚሄደውን መንገደኛ አልወደውም፤ ሰውየው ቤቱን ለምን እንደምታነሱ የማወቅ መብት አለው። «የሚከራይ ቤት አለ» የሚል ወረቀት በሥዕል ዓይን ላይ የሚለጥፉትንማ ምን ልበላቸው!

አሁን ባነር መጥቷል። በአንድ ቀን ታትሞ ይሰቀላል፣ ርካሽም ነው። የታተመበት ፎቶ ግን የዚያ ቤት አይደለም፤ ከየትም የተለቀመ ሥጋ፣ ከየትም የተለቀመ ጸጉር ነው። በየከተማው የነበረው የእጅ ልዩነት በዚያው ይጠፋል።

ስለዚህ ሱቅ የምትከፍቱ ወገኖች፣ ቢያንስ አንዱን ግድግዳ ለሠዓሊ ስጡ፤ ቀብዱንም ሳትጨቃጨቁ ክፈሉ። ፎቶ የምታነሱም፣ ከታች ጥግ ላይ በትንሹ የተጻፈውን ስሙን ቆርጣችሁ አታውጡት። ሥራ የሚያገኘው በዚያ ነው።