የቮልስ ሞተር ከየትኛው ካምቢዮ ጋር ይሄዳል? አራት ብሎን ስለገባ ብቻ አይደለም

«ቮልስ እኮ ነው፤ ምኑም ከምኑ ይገጥማል!» ይህ አባባል ከሻጭ ወደ ገዢ፣ ከገዢ ወደ መካኒክ ሲተላለፍ ስንት ደህና ካምቢዮ አስበልቷል። የአሮጌ ቮልስ ባለቤት የደከመውን 1200 ሞተር አውርዶ 1600 ያስገባል፤ ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ ግን የድሮዎቹ እንደሆኑ ይቀራሉ። ሞተሩ በአራቱ ብሎኖች ታስሮ ሲቆም ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስላል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም። ያኔ «ፌክ መለዋወጫ ነው» ይባላል።

አሉባልታው ግማሽ እውነት አለው፤ ችግሩም የሚመጣው ከዚያው ነው። ፋብሪካው ባለ 34 ፈረስ ጉልበቱን 1200 እስከ ባለ 50ው 1600 ድረስ ሲያሳድግ ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የሚታሰርበትን ቦታ አልለወጠም ማለት ይቻላል። የለወጠው በብሎኖቹ መካከል ያለውን፣ ከውጭ የማይታየውን ነው።

ፍሪሲዮን ምን እንደሚሠራ መኪና የነዳ ሁሉ ያውቃል። በቮላኖውና በፕሬዠሩ መካከል ሸራው ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ይለቀቃል። ይህን ያህል ይበቃል፤ ቁም ነገሩ ጭምቁ ምን ያህል ጉልበት ይይዛል የሚለው ነው። ሒሳቡ አጭር ነው። የሸራው ሁለት ፊት፣ የሰበቃው መጠን፣ ፕሬዠሩ የሚጫንበት ኃይልና የሸራው አማካይ ራዲየስ ይባዛሉ። የሸራው የቆዳ ስፋት በዚህ ስሌት ውስጥ የለም። ብዙ ሰው «ሸራው ሰፊ ስለሆነ ይይዛል» ይላል፤ ስፋት ሙቀትን ለመበተንና ቶሎ ላለማለቅ ይጠቅማል እንጂ መያዣው ራዲየሱ ነው። የጎማ ብሎን እምቢ ሲለው ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቶ የሚያስረዝም ጎሚስታ ይህንኑ ሒሳብ ነው የሚሠራው፤ ያው ክንድ፣ ረዘም ካለ ርቀት።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የድሮዎቹ የ6 ቮልት ቮልሶች ፍሪሲዮን 180 ሚሊሜትር ነው፤ ትላልቆቹ ሞተሮች ሲመጡ 200 ሚሊሜትር ተተካ። የ1600 ሞተር ከፍተኛ የመጠምዘዝ ኃይል 106 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። የሰበቃውን መጠን 0.3፣ የባለ 200ውን አማካይ ራዲየስ 8 ሳንቲሜትር ብንል፣ ፕሬዠሩ ቢያንስ 225 ኪሎ በሚያህል ክብደት መጫን አለበት። በባለ 180ው ራዲየሱ ወደ 7.2 ሳንቲሜትር ስለሚወርድ ተፈላጊው ጭነት ወደ 250 ኪሎ ያድጋል። ይህ ምንም መጠባበቂያ ሳይታሰብ ነው። የፋብሪካ መሐንዲስ ግን ሁልጊዜ ትርፍ ይይዛል፤ ሸራ ይሳሳልና፣ ሞላም ይደክማልና። ፓራኦሊዮው አፍስሶ የሰበቃው መጠን በግማሽ ቢወርድ የሚይዘው ጉልበትም በግማሽ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ባለ 200ውም አያድንም።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። 0.3 የምትለዋ ቁጥር ከሸራ ሸራ፣ ከሙቀት ሙቀት ትለያያለች። ጠንካራ ሞላ ያለው ፕሬዠር በባለ 180ው ላይ ቢታሰር ከደከመ ባለ 200 ሊበልጥ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ሞተሩ የሚስበው አየር ስስ ነው፤ ጉልበቱም በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ «እኔ 1600ን በድሮው ፍሪሲዮን ስነዳ ምንም አልሆንኩም» የሚለው ሰው ውሸታም ላይሆን ይችላል። የያዘለት ፍሪሲዮኑ በቂ ስለሆነ ሳይሆን ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ስላልሰጠ ነው። አዋሽን ተሻግሮ ቆላ ሲወርድ ይፈተናል።

የራዲየሱ ጉዳይ ሲያልቅ ቮላኖው ይመጣል። የ6 ቮልቱ ቮላኖ 109 ጥርስ አለው፣ የ12 ቮልቱ 130፤ ዙሪያውም ሰፋ ይላል። ባለ 130ው በድሮው ካምቢዮ ቤት ውስጥ ግድግዳውን እየፋቀ ይዞራል፤ ቤቱ በመፋቂያ ካልሰፋ አይሆንም። ሞተሪኖውም ከጥርሱ ጋር መሄድ አለበት፤ የዘንጉ ጫፍ የሚያርፍበት ቡሽ የሚገኘው ካምቢዮው ቤት ውስጥ ነውና እሱም ይቀየራል። ጥርስ መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ ሸራው የሚያርፍበት ቦታ በሚሊሜትር ይለካ። ቮላኖ የተቀየረ እንደሆነ የክራንክሻፍቱ የፊትና የኋላ ጨዋታ እንደገና ካልተለካ ሥራው ግማሽ ነው። መጠኑ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ሲሆን የሚስተካከለው በሦስት ስስ ቀለበቶች ነው። ትልቁ የመሐል ብሎን 350 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጠብቃል፤ በአንድ ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ 35 ኪሎ ማለት ነው። «ጠበቀ መሰለኝ» የሚባልበት ቦታ አይደለም።

የፍሪሲዮን ኩሽኔታውም ሁለት ዓይነት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1970 ሞዴል ድረስ ኩሽኔታው ሹካው ላይ በሽቦ ተይዞ ፕሬዠሩ መሐል ያለውን ቀለበት ይገፋል። ከ1971 ሞዴል ወዲህ ካምቢዮው ላይ በታሰረ ቱቦ ላይ እየተንሸራተተ የፕሬዠሩን ጣቶች በቀጥታ ይጫናል፤ ቀለበት አያስፈልገውም። ሲቀላቀሉ ፔዳሉ ይሠራል፣ ድምፅም ላይኖር ይችላል፤ ኩሽኔታው ግን መሐሉን ስቶ ጣቶቹን ይበላል። አንዳንዱ ፕሬዠር ቀለበቱ ተነቃይ በመሆኑ ለሁለቱም ያገለግላል፤ ሲገዛ ይታይ።

የኮምቢ ካምቢዮ ጠንካራ ነው ብሎ ቮልስ ላይ የሚያስር ደግሞ ሌላ ጉድ ያገኘዋል። እስከ 1967 የተሠሩት ኮምቢዎች ጎማቸው አጠገብ ተጨማሪ ጥርስ አላቸው፤ እሱም የመዞሪያውን አቅጣጫ ይገለብጣል። ያንን ካምቢዮ የዲፈረንሻሉን ትልቅ ጥርስ ሳያዞር የገጠመ ሰው አንድ ማርሽ ወደ ፊት፣ አራት ማርሽ ወደ ኋላ ይኖረዋል።

የቀረው ዲፈረንሻሉ ነው፤ ከዳገት ጋር የሚያያዘውም እሱ ነው። 35 ለ8 ጥርስ 4.375 ይሰጣል፤ የትንንሾቹ ሞተሮች ነው። 33 ለ8 4.125፣ 31 ለ8 ደግሞ 3.875 ይሆናል። በ3.875 አውራ ጎዳና ላይ ሞተሩ ዝግ ብሎ ይሄዳል፤ ጎማው የሚደርሰው ኃይል ግን ከ4.375 አንጻር 11 በመቶ ያነሰ ነው። ስስ አየር አንድ አምስተኛውን የወሰደበት ሞተር ሽሮ ሜዳን አልፎ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ይህችን 11 በመቶ ይፈልጋታል። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚነዳ 1600 ቮልስ 4.375ቱ ወይም 4.125ቱ ይሻላል፤ ወደ አዳማ ሲሄድ ትንሽ ይጮኻል እንጂ።

ሶማሌ ተራ ላይ የተቀመጠ ካምቢዮ የትኛው እንደሆነ ሳይፈታ ይታወቃል። አራተኛ ማርሽ ይግባና ሁለቱም አክሎች አብረው አንድ ሙሉ ዙር ይዙሩ፤ የፍሪሲዮኑ ዘንግ ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቆጠር። ለአራት ትንሽ ከጎደለ 4.375፣ ሦስት ተኩል አካባቢ ከሆነ 3.875 ነው። ሻጩ ይህን ለማድረግ ካልፈቀደ፣ ካምቢዮውን እዚያው ይተዉለት።