ኪራይ ወይስ ወለድ አገድ? በገጠር መሬት ውል ክርክር ገዢውን ሕግ ስለ መለየት

በዘመሮ ዙሪያ ባለው የመንዝ ደጋ የሚኖር አንድ ባለይዞታ ገንዘብ ቸግሮት ከጎረቤቱ ይበደራል እንበል። በምትኩ የገብስ ማሳውን ያስረክባል፤ አበዳሪው ገንዘቡ እስኪመለስለት ድረስ እያረሰ ምርቱን ይወስዳል። ወረቀቱ ሲጻፍ ርእሱ «የመሬት ኪራይ ውል» ይባላል። ባለይዞታው አዲስ አበባ ገብቶ ከዓመታት በኋላ ሲመለስ፣ «የኪራዩ ዘመን አልቋል፤ መሬቴን ልቀቅ» ይላል። አበዳሪውም «ገንዘቤን ሳትመልስ አልለቅም» ሲል ይመልሳል። ምሳሌው ለማስረጃነት ሳይሆን ለማብራሪያነት የቀረበ ነው። ሁለቱ ወገኖች የሚከራከሩት በአንድ ወረቀት ላይ ቢሆንም፣ የሚጠቅሱት ሕግ የተለያየ ነው። ስለዚህ ማን ይረታል ከሚለው ጥያቄ በፊት ውሉን የሚገዛው የትኛው ሕግ ነው የሚለው መመለስ አለበት። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ይህ ጥያቄ በወረቀቱ ርእስ እንደማይመለስ፣ መልሱም የውሉን ዓይነት፣ ቦታውንና ጊዜውን በቅደም ተከተል በመመርመር እንደሚገኝ ማሳየት ነው።

የውሉ ዓይነት

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1731 መሠረት በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ አንቀጽ 1676 እንደሚያመለክተው ጠቅላላ የውል ድንጋጌዎች ለሁሉም ውሎች ሲያገለግሉ፣ አንዳንድ ውሎች በባሕርያቸው ምክንያት ልዩ ድንጋጌዎች ተበጅተውላቸዋል። የትኛው ልዩ ድንጋጌ እንደሚሠራ የሚወሰነው ተዋዋዮቹ በገቡት ግዴታ ነው። በኪራይ ተከራዩ ለተወሰነ ጊዜ ለሚያገኘው ጥቅም ዋጋ ይከፍላል፤ ጊዜው ሲያበቃም መሬቱን ይመልሳል። በወለድ አገድ ግን መሬቱ የተሰጠው ለዕዳ መያዣነት ሲሆን ምርቱ የወለድን ቦታ ይይዛል፤ ዕዳው እስካልተከፈለ ድረስም ግንኙነቱ አያበቃም። ወለድ አገድ ከአንቀጽ 3117 ጀምሮ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የራሱ ድንጋጌዎች አሉት። በምሳሌያችን ገንዘቡ ተመላሽ መሆኑ፣ የኪራይ ዋጋና የማብቂያ ቀን አለመኖሩ ግንኙነቱ ኪራይ ሳይሆን ወለድ አገድ መሆኑን ይጠቁማል።

ቦታ

ባለይዞታው አዲስ አበባ መኖሩ፣ ወረቀቱም እዚያው መፈረሙ የመሬቱን ሕግ አይለውጥም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 25 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ክስ ንብረቱ በሚገኝበት ቦታ ለሚያስችል ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ይደነግጋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52(2)(መ) መሠረት ደግሞ ክልሎች የፌዴራል መንግሥቱ በሚያወጣው ሕግ መሠረት መሬትን ያስተዳድራሉ። ስለሆነም በመንዝ ላለ ማሳ ከፌዴራሉ የገጠር መሬት ሕግ ጋር የአማራ ክልል ሕግ ተፈጻሚ ይሆናል። ተዋዋዮቹ «የሌላ ክልል ሕግ ይግዛን» ብለው ቢስማሙ እንኳ ስምምነቱ የመሬት ሕጉን አስገዳጅ ድንጋጌዎች ሊያልፍ አይችልም።

ጊዜ

አስቸጋሪው ምርመራ ይህ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሲጸና ወለድ አገድን የታወቀ ውል አድርጎት ነበር። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ግን በአንቀጽ 5 ሽያጭንና ለውጥን ብቻ ሳይሆን ወለድ አገድንና ኪራይንም ከለከለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40(3) የደነገገው መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ነው፤ ወለድ አገድን በስም አልጠቀሰም። በክልሉ አዋጅ ቁጥር 133/1998 ኪራይ እስከ 25 ዓመት ለሚደርስ ጊዜ ተፈቀደ። እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 252/2009 የመጠቀም መብትን ሕጋዊ ዕውቅና ላለው የገንዘብ ተቋም በዋስትና ለማስያዝ በር ከፈተ። በፌዴራል ደረጃ አዋጅ ቁጥር 456/1997 በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል።

ከዚህ እንደምንረዳው በ1968 እና በ2010 የተጻፉ ሁለት ተመሳሳይ ወረቀቶች ለአንድ መመዘኛ አይቀርቡም። ለመጀመሪያው ክልከላው በስም የተጻፈ ነው። ለሁለተኛው ግን ዳኛው ውሉ የሕገ መንግሥቱን ክልከላ መጣሱን፣ ከክልሉ ሕግ ከተፈቀዱት የማስተላለፊያ መንገዶች ውጭ መሆኑንም በምክንያት ማስረዳት ይኖርበታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3348 በቀድሞ ሕግ የተቋቋሙ ሁኔታዎች አዲሱ ሕግ የማቋቋሚያ መስፈርቱን ስለለወጠ ብቻ ዋጋ እንደማያጡ ይደነግጋል። ድንጋጌው የተጻፈው ለራሱ ለፍትሐ ብሔር ሕጉ መሸጋገሪያ ቢሆንም፣ አመክንዮው በኋለኞቹ ሕጎች መካከል ለሚነሳው ጥያቄም መነሻ ሊሆን ይችላል።

የልማድ ስፍራ

አበዳሪው «በአገራችን ልማድ ገንዘብ ሳይመለስ መሬት አይለቀቅም» ቢል ምን ይባላል? አንቀጽ 3347 በፍትሐ ብሔር ሕጉ የተሸፈኑ ጉዳዮችን በሚመለከት የቀድሞውን ልማዳዊ ሕግ ሽሯል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) በተከራካሪዎች ፈቃድ በልማድና በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን የፈቀደውም ለግልና ለቤተሰብ ጉዳዮች ነው። ሆኖም አንቀጽ 1713 ልማድን፣ ርትዕንና ቅን ልቦናን የውል ግዴታን ወሰን ለማወቅ ስለሚጠራቸው፣ ልማዱ ተዋዋዮቹ በእርግጥ የተስማሙበትን ለማወቅ ይረዳል። ልማድ በዚህ ረገድ ማስረጃ እንጂ ገዢ ሕግ አይደለም።

ውጤቱና መደምደሚያ

ወረቀቱ በስሙ ብቻ ኪራይ ተብሎ ከተወሰነ ክርክሩ በጊዜ ገደብ ይዘጋል፤ አበዳሪው መሬቱን ይለቃል፣ ገንዘቡ ግን ሳይነሳ ይቀራል። በሕግ ያልተፈቀደ ወለድ አገድ ነው ከተባለ ግን በአንቀጽ 1808 ሊፈርስ ይችላል፤ አንቀጽ 1815ም ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ወደ ነበሩበት እንዲመለሱ ያዛል። መሬት ለባለይዞታው፣ ገንዘብም ለአበዳሪው ይመለሳል፤ ለዓመታት የተበላው ምርትም ተነጻጽሮ ሊታሰብ ይገባል። ደሀው ባለይዞታ መሬቱን፣ ብዙ ጊዜ ከእርሱ ያልተሻለው ጎረቤቱም ጥሪቱን እንዳያጣ የሚያደርገው ይህ መንገድ ነው። በመሆኑም ፍርድ ቤት የውሉን ዓይነት፣ የመሬቱን ቦታና ውሉ የተደረገበትን ጊዜ እንደ መጀመሪያ ጭብጥ ይዞ ውሳኔው ላይ በግልጽ ቢያሰፍር፣ ይግባኝ ሰሚውም ተዋዋዮቹም በየትኛው ሕግ እንደተዳኙ ያውቃሉ።