ከከረጢቱ ጽሑፍ በፊት የውሻው የአመጋገብ ታሪክ

ከሻሸመኔ ወደ አርሲ ነጌሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በኩየራና በአካባቢዋ ባሉ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ ግቢ የሚጠብቅ ውሻ ቀለቡን የሚያገኘው በአብዛኛው ከቤተሰቡ ማዕድ ከሚተርፈው እንጀራና ዳቦ፣ ከሉካንዳ ከሚመጣው አጥንትና ቁርጥራጭ ሥጋ፣ አልፎ አልፎም ከወተት ነው። በዚህ ቀለብ ያደገ ውሻ ቀን ከሌሊት ራሱን ሲያክ፣ መዳፉን ሲልስና ጆሮው ደጋግሞ ሲመግል፣ አቅም ያለው ባለቤት ከውጭ አገር የገባ የውሻ ምግብ ከአዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች አስመጥቶ መፍትሔ ይፈልጋል። የትኛው ከረጢት ለየትኛው ውሻ እንደሚስማማ የሚታወቀው ግን ውሻው እስከዚያ ቀን ድረስ ምን ሲበላ እንደኖረ ከተጠየቀ በኋላ ነው።

የምግብ አለርጂ ማለት የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በምግብ ውስጥ ያለውን ጉዳት የሌለው ፕሮቲን እንደ ወራሪ ቆጥሮ ሲዋጋው የሚፈጠር ሕመም ሲሆን፣ ሰውነት አንድን ፕሮቲን በጠላትነት የሚፈርጀው አስቀድሞ ካወቀው በኋላ ስለሆነ፣ ውሻው ብዙ ጊዜ የሚታመመው ለወራት ወይም ለዓመታት በለመደው ምግብ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመና ቀደም ሲል የተመዘገቡ 297 የአለርጂ ሕመምተኛ ውሾችን መረጃ ያሰባሰበ ጥናት እንዳሳየው፣ 34 በመቶዎቹ ለበሬ ሥጋ፣ 17 በመቶዎቹ ለወተት ተዋጽኦ፣ 15 በመቶዎቹ ለዶሮ፣ 13 በመቶዎቹ ደግሞ ለስንዴ አለርጂ ነበረባቸው። ከእነዚህ ከአራቱ ሦስቱ፣ ማለትም የከብት ሥጋ፣ ወተትና ስንዴ፣ በስንዴ አምራችነቱ በሚታወቀው በአርሲ ምድር ከውሻ ሳህን የማይጠፉ መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል።

ይሁን እንጂ የሚያሳክከው ውሻ ሁሉ የምግብ አለርጂ አለበት ማለት አይደለም። ቁንጫ፣ መዥገርና በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተባዮች የሚያመጡት እከክ ከምግብ አለርጂ ይልቅ በብዛት የሚያጋጥሙ በመሆናቸው፣ የእንስሳት ሐኪም አስቀድሞ እነዚህን መርምሮና አክሞ ማለፍ አለበት። የምግብ አለርጂን በደም፣ በምራቅ ወይም በፀጉር ምርመራ እናውቃለን የሚሉ ማስታወቂያዎች አስተማማኝ ውጤት የላቸውም፤ ሐኪሞች የሚተማመኑበት መንገድ የማግለያ ምግብ የሚባለው ሲሆን፣ ይኸውም ውሻው ከዚህ በፊት ቀምሶት የማያውቀውን አንድ የፕሮቲን ምንጭና አንድ የኃይል ሰጪ ምንጭ ብቻ ለስምንት ሳምንት ያህል መስጠት ነው። አለርጂ ካለባቸው ውሾች ከ80 በመቶ የሚበልጡት በአምስት ሳምንት፣ ከ90 በመቶ የሚበልጡት ደግሞ በስምንት ሳምንት ውስጥ እንደሚሻላቸው በጥናት ተረጋግጧል። ከተሻለው በኋላ የቀድሞው ምግብ ተመልሶ ይሰጠዋል፤ ማሳከኩ በቀናት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ካገረሸ ምርመራው ተጠናቀቀ ማለት ነው።

የኩየራ ነዋሪ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ከብት ሲበላ ለኖረ ውሻ ከዝዋይ ሐይቅ የሚወጣው ቆሮሶ ዓሣና በሻሸመኔ ዙሪያ በብዛት የሚመረተው ድንች፣ ውሻው ከዚህ በፊት ካልቀመሳቸው፣ የማግለያ ምግብ ሊሆኑ ይችላሉ። ዓሣው አጥንቱ ተለቅሞ፣ ድንቹም ተልጦ ያለ ቅመም መቀቀል አለባቸው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ስለሚያፈርሱ፣ የወጥ ትራፊ አለርጂ ባይኖርም ለውሻ የተገባ አይደለም። በእነዚህ ሳምንታት ውሻው በሰፈር እየዞረ አጥንት ካነሳ፣ ወይም የሥጋ ጣዕም የተጨመረበት የትል መድኃኒት ከዋጠ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናልና በሩ መዘጋት፣ ልጆችም መመከር አለባቸው። ዓሣና ድንች ብቻውን በካልሲየምና በሌሎች ንጥረ ነገሮች የጎደለ ስለሆነ፣ ሐኪም ካላስተካከለው በቀር የዘወትር ቀለብ ሊሆን አይችልም፤ በተለይም ለቡችላ። በነገራችን ላይ፣ በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ግቢ የሚኖር ውሻ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋና ወተት ሳያገኝ ከርሞ ማሳከኩ ቀንሶለት ከፋሲካ በኋላ ካገረሸበት፣ ይህ ለሐኪሙ መነገር ያለበት ትልቅ ፍንጭ ነው።

የፋብሪካ ምግብ ምርጫ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ሲሆን፣ ለአለርጂ የሚዘጋጁት ምግቦች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ሃይድሮላይዝድ የሚባለው ነው፤ ይኸውም ፕሮቲኑ በኢንዛይም ተሰባብሮ የሰውነት መከላከያ ሊለየው እስከማይችል ድረስ እንዲያንስ የተደረገበት ምግብ ሲሆን፣ ዋጋው ቢወደድም ውሻው ቀድሞ ምን ይበላ እንደነበር በውል በማይታወቅበት ጊዜ ከሁሉ ይመረጣል። ሁለተኛው ያልተለመደ ፕሮቲን የያዘው ነው፤ ስሕተት የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ የበግ ሥጋና ሩዝ ለአለርጂ ተብሎ ለገበያ የቀረበው የዚያ አገር ውሾች በግ ስለማያውቁ ነበር፤ በየበዓሉ የበግ አጥንት ሲቆረጥም ያደገ የኢትዮጵያ ውሻ ግን ለዚያ ከረጢት እንግዳ አይደለም። በተጨማሪም በበሬ ሥጋና በላም ወተት ውስጥ ያሉ አንዳንድ ፕሮቲኖች በበግ ሥጋ ውስጥ ካሉት ጋር ስለሚመሳሰሉ፣ ለበሬ ሥጋ አለርጂ ያለበት ውሻ በበግም ሊታመም ይችላል።

ከከረጢቱ ፊት ለፊት ይልቅ ከኋላ በትናንሽ ፊደላት የተጻፈው ዝርዝር መነበብ አለበት። በአሜሪካ ደንብ መሠረት «ዶሮ ያለበት» የሚል ምግብ 3 በመቶ ብቻ ዶሮ ይዞ ሌላው ከበሬ ሥጋ ወይም ከስንዴ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ «የእንስሳት ተዋጽኦ» የሚል ስም የሌለው ግብዓት ያለበት ከረጢትም አለርጂ ላለበት ውሻ መገዛት የለበትም። ዝርዝሩ ራሱ ሁልጊዜ አይታመንም፤ የጣሊያን ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ለአለርጂ የሚሸጡ 12 ምግቦችን መርምረው በ10ሩ ውስጥ በጽሑፉ ያልተጠቀሰ የእንስሳት ተረፈ ምርት አግኝተዋል። አንድ የፋብሪካ መስመር ብዙ ዓይነት ምግብ ስለሚያመርት ቅልቅል ይፈጠራል፤ በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡት ምግቦች በጠቅላላው የበለጠ ጥንቃቄ የሚደረግባቸውም ለዚህ ነው። «ከእህል ነጻ» የሚለው ማስታወቂያ ደግሞ ለበሬ ሥጋ አለርጂ ላለበት ውሻ ምንም አይጠቅምም፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2018 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ ምግቦች ከልብ ሕመም ጋር ግንኙነት ይኖራቸው እንደሆነ መመርመር ጀምሮ ነበር።

አለርጂን ያመለጠ ምግብ በአያያዝ ሊበላሽ ይችላል። ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ በቆሎ ላይ በሚበቅል ሻጋታ የሚመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ከገባበት አንድ ምግብ ጋር በተያያዘ ከ100 በላይ ውሾች መሞታቸው ሪፖርት ተደርጓል። ስለዚህ የማብቂያ ቀኑ ያለፈ፣ የተቀደደ፣ ወይም ከዋናው ከረጢት ተገልብጦ በኪሎ የሚሸጥ ምግብ ጽሑፉም ደኅንነቱም ስለማይታወቅ መገዛት የለበትም፤ የተከፈተውም ከሙቀትና ከእርጥበት ርቆ፣ በራሱ ከረጢት ውስጥ እንዳለ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ።

ውሻ የሚያሳድግ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ውሻው የበላውን ሁሉ፣ የበዓል አጥንቱና የልጆች ጉርሻ ሳይቀር፣ በወረቀት ጽፎ ወደ እንስሳት ሐኪም ይዞ ይሂድ። እከክ ከውሻ ወደ ሰው ሊሻገር ቢችልም የምግብ አለርጂ አይተላለፍምና፣ ሐኪም ሳያየው የሚያሳክከውን ውሻ ከግቢ ማባረር በእንስሳው ላይ የሚፈጸም በደል ነው።